ግሪንዊች ለአንድ ቀን፦ ሁለት ልጆች፣ ከዘራ የያዙ አባት እና የ«ሰባት ሰዓት» ግብዣ

መንገደኛዋ

ሰላም ለዚህ ቤት። ከአዲስ አበባ መጥተን እንግሊዝ አገር ዘመድ እየጠየቅን ነው። የፊታችን ቅዳሜ ለንደን ግሪንዊችን ልናይ ቆርጠናል። እኔና ባለቤቴ፣ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ሴት ልጃችን፣ ሰባት ዓመት የሆነው ወንዱ፣ እና አባቴ ነን። አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። በግሪንዊች የሚያልፈውን የዜሮ ዲግሪ ኬንትሮስ መስመር በጠመኔ ሲያሰምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቤተ መንግሥቱም ድልድዩም ቢቀርባቸው ግድ የላቸውም፣ ይህን ሳያዩ ግን አይመለሱም። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ የሚሄዱት በከዘራ ነው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከየት ጀምረን በየት እንጨርስ? ለየትኛው ትኬት ቢቆረጥ አይቆጭም?

ሁለተኛው ትንሽ ያስቃል። እዚያው አቅራቢያ፣ ብላክሂዝ ከሚባለው ሜዳ ማዶ፣ አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ከነቤተሰቧ ትኖራለች። «ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ቤቴ ናችሁ፣ ሰበብ አልሰማም» ብላ ጻፈችልኝ። ሰባት ሰዓት የትኛው ነው? በእኛ ከሆነ ምሳ ነው፣ በፈረንጅ ከሆነ እራት ነው። እዚህ አገር ብዙ ዘመን ኖራለች፤ ከእኔ ጋር ግን በአማርኛ እንጂ በሌላ አውርታ አታውቅም። ደውዬ ልጠይቃት ስል ባለቤቴ «ምሳ ነው እራት ብለሽ ልትጠይቂ ነው?» እያለ ያሳፍረኛል። እናንተ ብትሆኑ በየትኛው ትሄዳላችሁ?

ምን_ቸገረኝ

በእኛ ከሆነ ግሪንዊችን እርሺው። ሰባት ሰዓት ትገባላችሁ፣ ምሳው ሲቀርብ ስምንት ይሆናል፣ «ምነው ምንም አልቀመሳችሁም» ሲባል ዘጠኝ፣ ቡናው አቦል ቶና በረካ ብሎ ሲያበቃ አሥራ አንድ። ከዚያ «በዚህ ሰዓት ደግሞ የት ትሄዳላችሁ» ይከተላል። አባባም ዜሮ ዲግሪን ሶፋ ላይ ሆነው በስልክ ያዩታል።

ሉዊሻም_ሰፈር

ለሰፈሩ ቅርብ ነኝና መንገዱን ልንገርሽ። ካርታ ላይ «ኖርዝ ግሪንዊች» የሚለውን የምድር ባቡር ጣቢያ አይታችሁ እንዳትወርዱ። እሱ ትልቁ የኮንሰርት አዳራሽ ያለበት ነው፤ ከምትፈልጉት ቦታ በእግር ሩቅ ነው፣ እንግዳ ሁሉ የሚታለለው በስሙ ነው። የእናንተ ጣቢያ «ካቲ ሳርክ» ይባላል፣ የምትሳፈሩትም ዲ ኤል አር የሚባለው የከተማ ቀላል ባቡር ነው። ይህ ባቡር ሾፌር የለውም። የፊተኛው ወንበር ካልተያዘ ልጆቹን እዚያ አስቀምጫቸው፤ ሐዲዱን ፊት ለፊት እያዩ ይሄዳሉ፣ ለእነሱ ከዚያ በላይ ጉብኝት የለም።

ትንሹ ከ11 ዓመት በታች ስለሆነ ከአዋቂ ጋር በነጻ ይሳፈራል። ትልቋ ግን ትከፍላለች። ኦይስተር የሚባለውን የጉዞ መክፈያ ካርድ አውጡላትና የጣቢያ ሠራተኛ የእንግዳ ልጆች ቅናሽ እንዲጭንላት ጠይቁ፤ ከ11 እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች እስከ 14 ቀን ድረስ በግማሽ ዋጋ ነው። ብዙ ሰው ሳያውቀው ሙሉ ሒሳብ ከፍሎ ይመለሳል።

አሁን ወደ አባትሽ ጉልበት። ታች ወንዙ ዳር ያለው ሁሉ ሜዳ ነው፦ ካቲ ሳርክ የሚባለው መርከብ፣ የቀድሞው የባሕር ኃይል ኮሌጅ፣ የባሕር ሙዚየሙ፣ ገበያው። መስመሩ ያለበት የኮከብ መመልከቻ፣ ኦብዘርቫቶሪው፣ ግን ፓርኩ ውስጥ ኮረብታው አናት ላይ ነው። ከታች የሚያወጣው መንገድ አጭር ነው፣ ግን ቀጥ ያለ ዳገት ነው። ለአዛውንት የሚሻለው በብላክሂዝ በኩል ወደ ፓርኩ መግባት ነው፤ ከዚያ በር እስከ ኦብዘርቫቶሪው ድረስ ደልዳላ፣ በዛፍ የታጀበ መንገድ አለ፣ መኪና ማቆሚያም አለው። ጓደኛሽ በዚያ በኩል ከሆነች ነገሩ ግማሹን አልቋል።

ባለ_ካርታ

እህቴ፣ ስለ ሰባት ሰዓት ስትጠይቂ አንድ ነገር ሳታውቂው ነክተሻል። በየቀኑ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ በፈረንጅ 1 ሰዓት ማለት ነው፣ ኦብዘርቫቶሪው ጣራ ላይ ያለው ቀይ ኳስ ይወድቃል። ሰባት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው እስከ ምሰሶው አጋማሽ ይወጣል፣ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ጫፍ ይደርሳል፣ ልክ በሰዓቱ ዱብ። ከ1833 (በፈረንጅ) ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ቴምዝ ወንዝ ላይ የቆሙ መርከበኞች ወደ ኮረብታው አንጋጠው፣ ኳሱ ሲወድቅ የመርከባቸውን ሰዓት ያስተካክሉ ነበር። ነፋስ ሲያይል አይወጣም፤ ያን ቀን አየሩን እዩ።

ስለዚህ ጓደኛሽ የእኛን ሰባት አስባ ከሆነ፣ አባትሽ ኳሱን ወይም ምሳውን መምረጣቸው ነው። የጂኦግራፊ መምህር ከሆኑ የቱን እንደሚመርጡ እኔ እነግርሻለሁ።

ኦብዘርቫቶሪው በ1675 በንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ትእዛዝ የተቋቋመ ነው፤ የመጀመሪያው ሕንፃ የአርክቴክቱ የክሪስቶፈር ሬን ሥራ ነው። መስመሩ የዓለም ዜሮ የሆነው ግን በ1884 ዋሽንግተን ላይ 25 አገሮች ተሰብስበው ከወሰኑ በኋላ ነው። ያን ጊዜ አብዛኛው የንግድ መርከብ የሚጠቀመው ካርታ አስቀድሞም ከግሪንዊች የሚቆጥር ስለነበር ምርጫው ብዙም አላከራከረም። ፈረንሳይና ብራዚል ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። ፓሪስ የራሷ መስመር ነበራትና ቅር ብሏታል።

ምን_ቸገረኝ

ለመስመር ይከፈላል እንዴ? ግቢው ውስጥ ያለው በትኬት ነው፣ ለዚያውም ፎቶ ለመነሣት ተሰልፎ። ከግቢው ውጭ ኮረብታውን በሚዞረው የእግር መንገድ ላይ ያው መስመር በግንቡ ላይ ወርዶ ይታያል፣ ያ በነጻ ነው። ዜሮው ያው ዜሮ ነው።

ባለ_ካርታ

ለአንተ ያው ነው። ዕድሜውን በሙሉ ያስተማረ ሰው ግን መስመሩን ያወጣውን ቴሌስኮፕ ሳያይ አይመለስም። የኮከብ ተመራማሪው ጆርጅ ኤሪ በ1851 የተከለው መሣሪያ ነው፤ ዜሮ ዲግሪ ማለት የዚያ ቴሌስኮፕ መሐል ማለት ነው። እዚያው ባሕር ላይ ቦታን ለማወቅ የተሠሩት የጆን ሃሪሰን ሰዓቶችም አሉ። ለአባባ ትኬት ይቆረጥ፣ እኔ በዚህ አልደራደርም።

ደግሞ አንድ ወሬ ልጨምር፦ መስመሩ ላይ ቆማችሁ የስልካችሁን ጂ ፒ ኤስ ብታዩ ዜሮ አይልም። የሳተላይቱ ዜሮ ከመስመሩ 102 ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ነው። የድሮው ቴሌስኮፕ «ቁልቁል»ን የሚያውቀው ቦታው ላይ ባለው የመሬት ስበት ነበር፣ ስበቱ ደግሞ በየቦታው በጥቂቱ ይዘምማል። ሳተላይት የሚለካው ከመሬት እምብርት ነው። ሁለቱም አልተሳሳቱም፣ መነሻቸው ነው የተለያየው።

የመርከብ_ልጅ

በንግድ መርከብ ላይ የሠራሁ ነኝ፣ ስለ ካቲ ሳርክ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ከባቡር ስትወርዱ መጀመሪያ የምታዩት እሱን ነው። በ1869 ስኮትላንድ ውስጥ ዳምባርተን የተሠራ፣ ከቻይና ሻይ በፍጥነት ለማምጣት የታሰበ የሸራ መርከብ ነው። ዕድሉን እዩልኝ፦ ወደ ውሃ የገባው በኅዳር 1869 ነው፣ የሱዌዝ ቦይ የተከፈተውም በዚያው በኅዳር፣ ከእሱ ቀናት ቀደም ብሎ! ባለ እንፋሎቶቹ በቦዩ አቋርጠው በእኛው በቀይ ባሕር ሲያልፉ፣ ባለ ሸራው ነፋስ ፍለጋ አፍሪካን መዞር ነበረበት። በሻይ ንግድ ብዙ አልቆየም፤ ስሙን ያስጠራው ኋላ የአውስትራሊያን ሱፍ ሲያመላልስ ነው። ግሪንዊች የደረሰው በ1954 ነው። በ2007 እሳት በላው፣ ግን ለእድሳት ብዙው ዕቃ ተነሥቶለት ስለነበር ተረፈ፣ በ2012 እንደገና ተከፈተ። አሁን ከፍ ተደርጎ ስለተሰቀለ ከሥሩ ገብቶ ሆዱን ቀና ብሎ ማየት ይቻላል። ልጆች ከመርከቡ ላይ ይልቅ ከመርከቡ ሥር ይገረማሉ።

ሃሪሰንን ባለ ካርታ ስላነሣው አንድ ቃል። መሬት በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች። ስለዚህ ያለሁበትን ሰዓት ከፀሐይ ካወቅሁ፣ የግሪንዊችን ሰዓት ደግሞ ይዤ ከሄድኩ፣ ልዩነቱ ከግሪንዊች ምን ያህል ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ እንዳለሁ ይነግረኛል። ችግሩ በማዕበል እየተናጠ የማይዛባ ሰዓት አለመኖሩ ነበር። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1714 እስከ 20,000 ፓውንድ ሽልማት አወጀ። ሊቃውንቱ መልሱን ከጨረቃና ከኮከብ ሲፈልጉ፣ አናጢው ሃሪሰን በሰዓት ሥራ ፈታው። የመጀመሪያው ሰዓቱ ጠረጴዛ የሚሞላ የናስ ብረት ክምር ነው፤ አራተኛው በ1759 ሲያልቅ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ሆነ። ባሕር ላይ ላልሠራ ሰው ይህ ተረት ይመስላል።

እናት_ነኝ

ወንዶቹ ታሪኩን ጨረሱት፣ እኔ ልጅ ይዞ መዋልን ልናገር። የባሕር ሙዚየሙ በነጻ ነው፣ ዝናብ ቢመጣ መጠለያ ነው፣ መጸዳጃ አለው። ፎቅ ላይ ወለሉ የዓለም ካርታ የሆነበት ሰፊ ቦታ አለ፣ የሰባት ዓመት ልጅ እዚያ ከኢትዮጵያ እስከ ብራዚል ሲሮጥ ይውላል። አባትሽም ቁጭ ብለው ያዩታል። የአድሚራል ኔልሰን ኮትም እዚያ ነው፤ በ1805 በትራፋልጋር የባሕር ውጊያ ላይ የተመታበት ጥይት የበሳው ቀዳዳ ግራ ትከሻው ላይ ይታያል። የእኔ ልጅ ከዚያ ሁሉ ዕቃ የምታስታውሰው ያንን ቀዳዳ ብቻ ነው።

ከጎኑ ያለው የንግሥቲቱ ቤት (ኪዊንስ ሃውስ) እንዲሁ በነጻ ነው፣ ጠመዝማዛ ደረጃው ያምራል። ፔይንትድ ሆል የሚባለው ባለ ሥዕል አዳራሽ ግን በትኬት ነው። ሰዓሊው ጄምስ ቶርንሂል 19 ዓመት ፈጅቶበታል። የሚከፈለው በልክ ነበር፦ ጣራውን በካሬ ያርድ 3 ፓውንድ፣ ግድግዳውን 1 ፓውንድ። ራሱን አንድ ጥግ ላይ እጁን ዘርግቶ ሥሎታል፤ «ጨምሩልኝ ማለቱ ነው» እያሉ ይቀልዱበታል። ጋደም ብሎ ጣራውን የሚያዩበት መቀመጫ ስላለ ጉልበት ለሚያመው ሰው ጥሩ ማረፊያ ነው። ልጆች ግን ብዙ አይታገሡም።

ምክሬ ይህ ነው፦ በአንድ ቀን መርከቡንም፣ አዳራሹንም፣ ኦብዘርቫቶሪውንም በትኬት አትግቡ። አንዱን ምረጡ። ወዳጅ ቤት የምትሄዱበት ቀን ከሆነማ ደክሞ፣ አኩርፎ የሚገባ ልጅ ለባለቤቲቱም ፈተና ነው።

አትሌቲክስ_ወዳድ

ይህን ሁሉ ስታወሩ ብላክሂዝን ረሳችሁት። የለንደን ማራቶን ከ1981 ጀምሮ የሚነሣው ከዚያ አካባቢ ነው፣ ወርዶ ካቲ ሳርክን ይዞራል። ደራርቱ ቱሉ በ2001፣ ገዛኸኝ አበራ በ2003፣ ፀጋዬ ከበደ በ2010 እና በ2013፣ ትዕግስት አሰፋ በ2025 ያሸነፉት ያንን መንገድ ረግጠው ነው። ትዕግስት 2:15:50 ገብታ ሴቶች ብቻቸውን በሮጡበት ውድድር የዓለም ክብረ ወሰን ሠርታለች። መርከቡ ጋ ስትደርሱ ለልጆቹ ንገሩልኝ።

መንገደኛዋ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አባባ ጽሑፋችሁን መነጽራቸውን አድርገው አንብበው ባለ ካርታን «ጎበዝ ተማሪ» ብለዋል።

ደወልኩላት። ባለቤቴ እንዳለው አላፈርኩም። ሰባት ያለችው የእኛን ነው፣ ምሳ ነው። የኳሱን ነገር ስነግራት ግን ዝም አለች። ለካስ በእግር በሚደረስበት ርቀት እየኖረች አንድም ቀን ሲወድቅ አይታው አታውቅም! «እናንተ አትምጡ፣ እኛ እንመጣለን፣ ምሳው ከኳሱ በኋላ ይሆናል» አለች። ባለቤቷ አባባን ከታች በመኪና አንሥቶ በብላክሂዝ በር ያመጣቸዋል። ትኬት የኦብዘርቫቶሪውን ብቻ ልንቆርጥ ወስነናል።

ምን_ቸገረኝ

እንግዲያው ምሳው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ቁርስ በደንብ ብሉ።

መንገደኛዋ

ሄደን መጣን። ቃል በገባሁት መሠረት ልጻፍ፣ ረዘም ይላል።

ጠዋት በባቡሩ ፊተኛ ወንበር ተቀምጠን ደረስን። ትንሹ እጁን መሪ እንደያዘ ሰው አድርጎ እስከ መጨረሻው «ነዳ»። ካቲ ሳርክን ከውጭ ዞርነው፣ አልገባንም። የመርከብ ልጅ አይቀየመኝ፤ የሱዌዝን ታሪክ ግን ለልጆቹ እዚያው ቆሜ ነገርኳቸው፣ አባባም ቀይ ባሕርን፣ ባብ ኤል መንደብን፣ ዙሪያ ጥምጥሙን በከዘራቸው ጫፍ መሬት ላይ አሳዩ። ሁለት ቱሪስቶች ቆመው ሰሙ። በአማርኛ ነበር፣ ምን እንደገባቸው እንጃ።

ከዚያ በቀድሞው የባሕር ኃይል ኮሌጅ ግቢ አቋርጠን አለፍን። ግቢው በነጻ ነው። ሁለቱ ትልልቅ ጉልላቶች መሐላቸው ክፍት የሆነው ለምን እንደሆነ ልጄ ሰሌዳ ላይ አነበበች፦ ሕንፃው ሲታቀድ ከኋላ ያለው የንግሥቲቱ ቤት ወንዙን እንዳይጋረድበት ንግሥት ሜሪ 2ኛ ስላስከበረች ነው። ከሕንፃው በፊት እዚያ ቦታ ላይ ቤተ መንግሥት ነበር፣ ሄንሪ 8ኛም ልጁ ኤልሳቤጥ 1ኛም የተወለዱት እዚያ ነው። ዛሬ ከላይ የሚታይ የለውም። እኔ በበኩሌ ከሥዕሉም ከታሪኩም ይልቅ ግቢው ውስጥ ከአንዱ መስኮት የሚወጣው የመለከት ልምምድ ነው የማረከኝ፤ ሙዚቃ የሚማሩበት ትምህርት ቤት አለ።

የባሕር ሙዚየሙ ውስጥ እናት ነኝ እንዳለችው ሆነ። ልጁ ካርታው ላይ ሮጠ፣ አባባ አረፉ። ከዚያ የጓደኛዬ ባለቤት መጥቶ ወሰዳቸው፣ እኛ በእግር ዳገቱን ያዝን። ዳገቱ ቀልድ አይደለም። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ «ፎቶ ላንሣ» ብሎ ቆሟል፣ የተነሣ ፎቶ ግን የለም።

ላይ ስንደርስ አባባ ከጓደኛዬ ቤተሰብ ጋር ቀድመውን በሩ ጋ ቆመዋል። ከበሩ ጎን ግንቡ ላይ ክብ ሰዓት አለ፣ በ1852 የተተከለ ነው አሉ። ትንሹ አየውና ጮኸ፦ «አባባ! ይሄ ሰዓት የኛ ነው! ስድስት ሰዓት ይላል!» እውነትም ትልቁ ዘንግ ወደ ላይ፣ ትንሹ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ሊሆን ምንም አልቀረውም። አባባ እየሳቁ ጎንበስ ብለው አስረዱት። የዚህ ሰዓት ትንሹ ዘንግ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚዞረው፣ ፊቱ ላይ ያለው ቁጥር ከዜሮ እስከ 23 ነው፣ በሮማን ፊደል። እኩለ ቀን ከታች ነው የተጻፈው። ደግሞ በሞቃቱ ወራት እንግሊዞች ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ሲያስቀድሙ እሱ አይከተላቸውም፣ ሁሌም የግሪንዊችን ሰዓት ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ በሁሉም እጅ ሰዓት ላይ በፈረንጅ 1 ሊሆን ሲል፣ እሱ 12 ሊል ነው፤ ዓይኑ የለመደው ሰው ግን ስድስት ብሎ ያነበዋል። ልጁ ማብራሪያውን ሁሉ ሰምቶ «ቢሆንም የኛ ነው» አለ።

ኳሱ ወጣ፣ ቆመ፣ ወደቀ። እውነቱን ልናገር፣ ድምፅ የለውም፣ ርችት የለውም፣ ሦስት ሰከንድ የማይሞላ ነገር ነው። ልጄ «በቃ?» አለች። ጓደኛዬ ግን እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ኖሬ!» እያለች ባሏን ታየዋለች፣ እሱ ይስቃል።

ትኬት ቆርጠን ገባን። መስመሩ ላይ ሰልፍ አለ፣ ሰው ሁሉ እግሩን ግራና ቀኝ አንፈራጥጦ ፎቶ ይነሣል። አባባ አልተሰለፉም። ሰው የሌለበት ጫፍ ላይ ሄደው ከዘራቸውን ከመስመሩ በስተምሥራቅ ተክለው ቆሙና ልጆቹን ጠሩ። «አዲስ አበባ ስንት ዲግሪ ናት?» ትልቋ «ሠላሳ ስምንት» አለች። «ከ45 ደቂቃ!» አሉ። «ለአንድ ዲግሪ አራት ደቂቃ። አባዢው።» ልጅቷ በጣቷ አየር ላይ ጻፈች፦ 155 ደቂቃ፣ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አምስት። «እኛ ግን ከግሪንዊች በሦስት ሰዓት እንቀድማለን አይደል የሚባለው?» ብላ ጠየቀች። አባባ ፊታቸው ሲበራ ማየት ነበረባችሁ። ሠላሳ አምስቷ ደቂቃ የፀሐይዋ እንደሆነች፣ ሦስት ሰዓት የተባለው በየሰዓቱ 15 ዲግሪ እየተሸነሸነ ለብዙ ጎረቤት አገሮች አንድ ሆኖ የተሰጠ እንደሆነ፣ በዚህም ምክንያት አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው ከስድስት ሰዓት በኋላ እንደሆነ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ አስተማሩ። የጓደኛዬ ልጆች አማርኛቸው ስብርባሪ ነው፣ እናታቸው ታስተረጉማለች። ኤሪ ቴሌስኮፕ ፊት ስንደርስ ግን ምንም አልተናገሩም፣ ባርኔጣቸውን ብቻ አወለቁ።

የሃሪሰን ሰዓቶች ጋ ባለቤቴ ነው የተለጠፈው። የመጀመሪያው ይንቀሳቀሳል፤ ሁለት ዘንጎች ተያይዘው እየተጠጋጉ፣ እየተራራቁ፣ መናጡ በአንዱ ላይ የሚያመጣውን ሌላው እያካካሰ። ያ ነው መርከብ ሲናጥ ሰዓቱ እንዳይዛባ ያደረገው። እሱን ከዚያ ለማላቀቅ «ምሳ!» ማለት ነበረብኝ።

ጓደኛዬ ቤት የደረስነው ምን ቸገረኝ በተናገረው ሰዓት ነው፣ ትንቢት ነው። የቀረውን አልዘረዝርም፣ ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ እናቷ አብረዋቸው ይኖራሉ፤ የወጥ ቤቱ ግድግዳ ሰዓት በእሳቸው ትእዛዝ በእኛ አቆጣጠር ነው የተሞላው። ለካስ «ሰባት ሰዓት» ብላ የጻፈችልኝ ያንን ሰዓት አይታ ነው! ሳሎን ያለው ደግሞ በፈረንጅ ነው፣ ልጆቹ የሚያዩት እሱን ነው። እናቷና አባባ ሁለቱም ጎንደር ያስተማሩ ሆነው ተገኙ፤ ከዚያ በኋላ እኛን ማን ያየናል?

የተመለስነው በጨለማ ነው። የብላክሂዝን ሜዳ ስናቋርጥ ለአትሌቲክስ ወዳድ ስል ልጆቹን ትንሽ አስሮጥኳቸው።

ባለ_ካርታ

«ጎበዝ ተማሪ» የሚለውን በፍሬም አሰቅለዋለሁ። በስልክ ዜሮውን ፈለጋችሁት?

መንገደኛዋ

ፈለግነው። ከመስመሩ ወዲያ ፓርኩ ውስጥ ነው፣ ሣር ላይ። ምንም ምልክት የለም። ትልቋ ናት ስልኩን ይዛ ወደፊት ወደኋላ እያለች ያገኘችው፣ ከሙዚየሙ ሁሉ በላይ የወደደችውም እሱን ነው።

ታዛቢ

ደስ የሚል ክር ነው። ስለ ኢግናሺየስ ሳንቾ ማንም አላነሣም፣ እኔ ላንሣ። በ1729 ገደማ የተወለደ አፍሪካዊ ነው፤ ሕፃን ሳለ በባርነት ግሪንዊች መጥቶ ለሦስት እህትማማቾች ተሰጠ። ማንበብ እንዲማር አልፈለጉም ነበር። ብላክሂዝ የሚኖረው የሞንታጉ መስፍን ግን መጽሐፍ ያውሰው ነበር፤ ኋላ ከእህትማማቾቹ አምልጦ መስፍኑ ቤት ገባ። ሲያድግ ዌስትሚንስተር ውስጥ ሱቅ ከፈተ፣ ንብረት ስለነበረውም በ1774 ለፓርላማ ድምፅ ሰጠ፤ በብሪታንያ ምርጫ መምረጣቸው ከታወቀ ጥቁር ሰዎች ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። የሞንታጉ ቤት ፈርሷል፣ የቀረው ግንብ ላይ ግን የመታሰቢያ ሰሌዳ አለለት፤ በፓርኩ ደቡብ ምዕራብ ጥግ፣ ከጽጌረዳው አትክልት አጠገብ። በብላክሂዝ በር ለሚገባ ሰው ብዙ አያስኬድም። ቀጥሎ የሚሄድ ሰው እንዳያልፈው።

እናት_ነኝ

ይህን አላውቅም ነበር፣ ስንት ጊዜ በዚያ አልፌያለሁ። ልጄን ይዤ እሄዳለሁ።

አዲስ_ገቢ

ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው። እኛም በሚቀጥለው ወር እንሄዳለን፣ የሕፃን ጋሪ አለን። በወንዙ ሥር በእግር የሚኬድ ዋሻ አለ ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው? ወዳጆቻችን ከወንዙ ማዶ ናቸው።

ሉዊሻም_ሰፈር

እውነት ነው። በ1902 የተከፈተ ነው፣ ወንዝ እየተሻገሩ ወደብ ሥራ የሚገቡ ሠራተኞች እንዲሄዱበት የተቆፈረ። መግቢያው ከካቲ ሳርክ ጎን ያለው ባለ ጉልላት ክብ ቤት ነው። ርዝመቱ 370 ሜትር ነው፣ ዙሪያውን በነጭ ሸክላ የተለበጠ፣ ቀዝቃዛ። በነጻ ነው፣ ሌሊትም አይዘጋም። ሊፍት አለው፣ ግን የሚቆምበት ቀን አለ፤ ከቆመ በዚህ በኩል ብቻ ወደ መቶ የሚጠጋ ደረጃ ነው፣ በጋሪ አይሞከርም። ከቤት ሳትወጡ የአካባቢው ምክር ቤት ድረ ገጽ ላይ ሊፍቱ እንደሚሠራ እዩ። ካልሠራ በዲ ኤል አር ከካቲ ሳርክ ቀጥሎ ያለው ጣቢያ ከወንዙ ማዶ ነው፣ «አይላንድ ጋርደንስ» ይባላል። ከዚያ ወንዙ ዳር ወዳለው መናፈሻ ብቅ በሉ፣ ግሪንዊች በሙሉ ፊት ለፊት ይታያል፤ ፎቶ የሚነሣው ከዚያ ነው።

ምን_ቸገረኝ

ወዳጆችህ ስንት ሰዓት ኑ አሉህ?

አዲስ_ገቢ

ዘጠኝ ሰዓት። አሁን ልደውል ነው።